ሮበርት ፓር፦ የአንድ የንድፈ ሐሳብ ኬሚስት የምርምር ጉዞና የተጠቃሽነት ቁጥር ትርጉም

መግቢያ

በ1988 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ፊዚካል ሪቪው ቢ» በተባለው የአሜሪካ የፊዚክስ መጽሔት ላይ አምስት ገጽ ብቻ ያለው አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ታተመ። ደራሲዎቹ ቼንግቴ ሊ፣ ዌታኦ ያንግና ሮበርት ፓር ሲሆኑ፣ ሥራው የተከናወነው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ነበር። ጽሑፉ አዲስ ንጥረ ነገር አላስገኘም፤ አዲስ የተፈጥሮ ሕግም አላወጀም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከ13 ዓመት በፊት ያወጡትን አንድ ቀመር ለሥሌት ወደሚመች ሌላ መልክ መለወጥ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ «ኔቸር» የተባለው የብሪታንያ ሳይንሳዊ መጽሔት በ2014 በዓለም ላይ እጅግ በብዛት የተጠቀሱትን መቶ ጥናታዊ ጽሑፎች በተራ ሲዘረዝር፣ ይህች አምስት ገጽ ከ46 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሳ በሰባተኛው ደረጃ ላይ ተገኘች።

ይህ ውጤት ለትምህርት ባለሙያና ለዕቅድ አውጪ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ዛሬ በብዙ አገሮች ምርምር የሚመዘነው፣ መምህራን ለማዕረግ የሚታጩትና የምርምር ገንዘብ የሚከፋፈለው አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ በሚል ቁጥር እየታገዘ ነው። ታዲያ ይህ ቁጥር የሚለካው ምንድን ነው? የሮበርት ፓር የምርምር ታሪክ፣ ከወጣትነታቸው እስከ እርጅናቸው በተከታታይ ሲታይ፣ ለዚህ ጥያቄ ከቁጥሩ የበለጠ ግልጽ መልስ ይሰጣል።

ሀ. ተጠቃሽነትን የመቁጠር ልማድ እንዴት ተጀመረ?

ሳይንሳዊ ጽሑፎች በመጨረሻቸው የተመረኮዙባቸውን ሌሎች ጽሑፎች መዘርዘራቸው የቆየ ልማድ ነው። ይህን ዝርዝር ገልብጦ፣ አንድ የቆየ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ማን ማን እንደጠቀሰው የሚያሳይ መዝገብ እንዲዘጋጅ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሐሳብ ያቀረቡት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። ጋርፊልድ አርአያ ያደረጉት የሕግ ባለሙያዎችን መዝገብ ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች መጽናቱን ወይም መሻሩን የሚከታተሉበት፣ የሼፐርድ ጥቅስ የሚባል መዝገብ ከ1873 ጀምሮ ነበራቸው። ጋርፊልድ በፊላደልፊያ ከተማ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት የሳይንስ ጥቅሶች መዝገብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መታተም ጀመረ።

የመዝገቡ ዋና ዓላማ መመዘን አልነበረም። አንድ ተመራማሪ የአንድን ሐሳብ ዱካ ተከትሎ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ መርዳት ነበር። ነገር ግን ቁጥር ባለበት ሁሉ ማወዳደር ስለሚከተል፣ ለመንገድ ጠቋሚነት የተሠራው መዝገብ ውሎ አድሮ ሚዛን ሆነ። የፓር ሥራ ከሞላ ጎደል የተከናወነው ይህ ለውጥ በሚካሄድበት ዘመን ውስጥ ነው።

ለ. የመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ዓመታት

ሮበርት ፓር በመስከረም ወር 1921 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1942 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1947 ከሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት በፒትስበርግ ወደሚገኘው የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም በመምህርነት ተዛውረው እስከ 1962 በዚያው አገለገሉ።

በዚያን ጊዜ የንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ገና ጠባብ መስክ ነበር። የኳንተም ሜካኒክስ መሠረታዊ ቀመር ከ1926 ጀምሮ ይታወቃል፤ የማንኛውም ሞለኪውል ጠባይ በመርሕ ደረጃ ከዚህ ቀመር ሊሰላ እንደሚገባም ይታመን ነበር። ችግሩ ሥሌቱ ነው። ለምሳሌ ቤንዚን የተባለውን፣ ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉትን ሞለኪውል እንውሰድ። ይህ ሞለኪውል 42 ኤሌክትሮኖች አሉት። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ያለበትን ቦታ ለመግለጽ ሦስት ቁጥሮች ስለሚያስፈልጉ፣ የሞለኪውሉ የሞገድ ፋንክሽን በአንድ ጊዜ በ126 ተለዋዋጮች ላይ ይመሠረታል። ይህን በእጅ በሚሽከረከር የሒሳብ መኪና ማስላት ከሰው ዕድሜ በላይ ነው።

በ1951 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሼልተር አይላንድ በተባለ ሥፍራ የመስኩ ባለሙያዎች ተሰብስበው በዚሁ ችግር ላይ ተወያዩ። የስብሰባውን ዘገባ ከቀድሞ መምህራቸው ከብራይስ ክሮፈርድ ጋር ሆነው ያቀረቡት የሠላሳ ዓመቱ ፓር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ፓር ከሩዶልፍ ፓሪሰር ጋር በመተባበር አስቸጋሪ የሆኑትን አብዛኞቹን የሥሌት ክፍሎች በመተውና የቀሩትን በቤተ ሙከራ ከተገኙ ቁጥሮች በመገመት እንደ ቤንዚን ያሉ ሞለኪውሎች የትኛውን ብርሃን እንደሚውጡ የሚተነብይ ዘዴ አወጡ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጆን ፖፕል ለብቻቸው ወደ ተመሳሳይ ዘዴ ስለደረሱ፣ ዘዴው በሦስቱም ስም ተጠራ። የቀለም ንጥረ ነገሮችን ጠባይ ለማጥናት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፓር ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ስማቸው የሚጠራበት ሥራ ነበራቸው። በዚያው መስመር ቀጥለው ዘዴውን እያሻሻሉና እየተጠቀሱ መኖር ይችሉ ነበር። በ1962 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1974 ደግሞ ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ግን ሐሳባቸው እየዞረ የነበረው ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው ወዳላመኑበት ጎዳና ነበር።

ሐ. ያልተወደደው ጎዳና

በ1964 ፒየር ሆኸንበርግና ዋልተር ኮን የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ አስደናቂ ነገር በሒሳብ አረጋገጡ። ይኸውም ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ያለን አንድ ሞለኪውል ጠባይ በሙሉ ለማወቅ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን ቦታ መከተል አያስፈልግም፤ በእያንዳንዱ ሥፍራ ኤሌክትሮን ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ፣ ማለትም የኤሌክትሮን እፍግታን ማወቅ ይበቃል የሚል ነው። እፍግታ በቦታ ላይ ብቻ ስለሚመሠረት ተለዋዋጮቹ ሦስት ናቸው። ለቤንዚን 126 የነበረው ወደ ሦስት ይወርዳል ማለት ነው። በ1965 ኮንና ሉ ሻም ይህን መርሕ ወደ ሥሌት የሚያቀርብ ዘዴ አወጡ።

ነገር ግን ማረጋገጫው እፍግታን ከጉልበት ጋር የሚያያይዝ ቀመር መኖሩን እንጂ ቀመሩ ምን እንደሆነ አይናገርም። የብረታ ብረትን ጠባይ የሚያጠኑ የፊዚክስ ባለሙያዎች በግምታዊ ቀመሮች ተጠቅመው መልካም ውጤት አገኙ። ኬሚስቶች ግን የሚፈልጉት በሁለት አቶሞች መካከል ያለ ትስስር ሲበጠስ የሚፈጠረውን ትንሽ የጉልበት ልዩነት ስለሆነ፣ ግምታዊዎቹ ቀመሮች አላረኳቸውም። ስለሆነም በ1970ዎቹ አብዛኞቹ የንድፈ ሐሳብ ኬሚስቶች ይህን ጎዳና በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር።

ፓር ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የገቡት በዚህ ጎዳና ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬም የሥሌት ዘዴ ሳይሆን የትርጉም ሥራ ነበር። ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ያስተምራል፤ አንድ አቶም በትስስር ውስጥ ኤሌክትሮንን ወደራሱ የመሳብ ዝንባሌው ነው። ላይነስ ፖሊንግ በ1932 በቁጥር ደረጃ ሰንጠረዥ ቢያወጡለትም፣ ጽንሰ ሐሳቡ ከኳንተም ሜካኒክስ ጋር ያለው ዝምድና በውል ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። በ1978 ፓርና ሦስት ተባባሪዎቻቸው፣ ዶነሊ፣ ሌቪና ፖልኬ፣ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ማለት በእፍግታ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የሚገኘው ኬሚካዊ ፖቴንሻል በተቃራኒ ምልክት መሆኑን አሳዩ። በቧንቧ በተገናኙ ሁለት ጋኖች ውስጥ ያለ ውሃ ከፍታው እስኪስተካከል ድረስ ካንዱ ወደ ሌላው እንደሚፈስ ሁሉ፣ አቶሞች ሲዋሐዱም ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ይህ መጠን በሁለቱም ዘንድ እስኪስተካከል ነው።

በ1983 ከራልፍ ፒርሰን ጋር በመሆን «ጥንካሬ» የተባለውን፣ ኬሚስቶች በልምድ ብቻ ያውቁት የነበረውን ጠባይ በቁጥር ሊሰላ የሚችል ትርጓሜ ሰጡት። በ1984 ደግሞ ከዌታኦ ያንግ ጋር፣ ጃፓናዊው ኬኒቺ ፉኩይ በ1952 ያቀረቡትን የኬሚካዊ አጸግብሮት ሐሳብ ከእፍግታ ንድፈ ሐሳብ ጋር አገናኙ። ያስገኙትንም መለኪያ በራሳቸው ስም ሳይሆን በፉኩይ ስም ጠሩት።

መ. አምስቱ ገጾች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ 1988ቱ ጽሑፍ የሚደረሰው። ኤሌክትሮኖች ተመሳሳይ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይሸሻሻሉ። ይህ መሸሻሸት የሚያስከትለው የጉልበት ለውጥ ከሞለኪውሉ ጠቅላላ ጉልበት አንድ በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ መጠኑ ከአንድ ኬሚካዊ ትስስር ጉልበት ጋር የሚስተካከል በመሆኑ ኬሚስት ሊተወው አይችልም። ኮሌና ሳልቬቲ የተባሉ ሁለት ኢጣሊያውያን በ1975 ይህን ጉልበት የሚገምት ቀመር ከሂሊየም አቶም ተነሥተው አውጥተው ነበር። ሊ፣ ያንግና ፓር ያንን ቀመር በኤሌክትሮን እፍግታ ብቻ እንዲገለጽ አድርገው ጻፉት። ሊና ያንግ ሁለቱም በፓር ሥር የሠለጠኑ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ፓር በዚያን ጊዜ 66 ዓመታቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት ፓርና ያንግ የእፍግታ ንድፈ ሐሳብን ለኬሚስቶች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ።

ጽሑፉን ለዝና ያበቁት ግን ሦስቱ ደራሲዎች ብቻ አልነበሩም። በካናዳ የሚሠሩት አክስል ቤክ በ1988 የጎደለውን ሌላ ክፍል የሚሞላ ቀመር አወጡ። በ1992 እና በ1993 የጆን ፖፕል ቡድን ሁለቱን አጣምሮ በብዙ ሞለኪውሎች ላይ ፈተነና ውጤቱ መልካም መሆኑን አስታወቀ። በ1993 ቤክ የቀድሞውንና የአዲሱን ዘዴ በመቀላቀል፣ 56 የሞለኪውል መበተኛ ጉልበቶችን በአማካይ በ2.4 ኪሎ ካሎሪ በሞል ስሕተት ብቻ ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። በ1994 ፊሊፕ ስቲቨንስና ባልደረቦቻቸው የቤክን ቅልቅል ከሊ፣ ያንግና ፓር ቀመር ጋር አዋሐዱት። ከዚህ የተገኘው ዘዴ «ቢ3ኤልዋይፒ» ይባላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት የሦስቱ ደራሲዎች ስም መነሻ ናቸው። ዘዴው ኬሚስቶች በሰፊው በሚገለገሉባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ውስጥ ስለገባ፣ ቀመሩን ራሱ መጻፍ የማይችል የቤተ ሙከራ ኬሚስት እንኳን ስሙን መርጦ ሥሌቱን ማካሄድ ቻለ። ሥሌቱን ያካሄደ ሁሉ በጽሑፉ መጨረሻ የ1988ቱን ሥራ ይጠቅሳል። ቁጥሩ እንደ ጎርፍ የሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1998 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለዋልተር ኮንና ለጆን ፖፕል ተሰጠ። ፓር በተሸላሚነት አልተካተቱም። ሥራቸውን ግን አላቋረጡም፤ በ1999፣ በ77 ዓመታቸው፣ ከሁለት ተባባሪዎች ጋር አንድ ሞለኪውል ኤሌክትሮንን የመቀበል ብቃቱን የሚለካ አዲስ መለኪያ አቀረቡ። በመጋቢት ወር 2017 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሠ. ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በ2014ቱ ዝርዝር የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው በ1951 የታተመው፣ በፈሳሽ ውስጥ ያለን ፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ የሚገልጸው የኦሊቨር ሎውሪና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ ነው፤ ከ305 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በአንጻሩ የዲ ኤን ኤን አወቃቀር የገለጸው የ1953ቱ የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ከመቶዎቹ ውስጥ አልገባም፤ ለመግባት ከ12 ሺህ ጊዜ በላይ መጠቀስ ያስፈልግ ነበርና። የእፍግታ ንድፈ ሐሳብን ለሥሌት ያበቃው የኮንና የሻም የ1965ቱ ጽሑፍ ደግሞ ወደ 23 ሺህ ጊዜ ያህል ተጠቅሶ፣ በእርሱ ላይ ከተመሠረተው ከፓር ጽሑፍ ግማሹን ብቻ ይዞ ተገኘ። እንግዲህ ቅርንጫፉ ከግንዱ በእጥፍ ተቆጠረ ማለት ነው።

ከዚህ መገንዘብ የሚቻለው ተጠቃሽነት በመጀመሪያ ደረጃ የሚለካው የመሣሪያን አገልግሎት መሆኑን ነው። መሣሪያ የተጠቀመ ሁሉ ይጠቅሳል። ሐሳብ ግን እየሰረጸ ሲሄድ የጋራ ዕውቀት ይሆንና ባለቤቱ መጠቀሱ ይቀራል። የሶሲዮሎጂው ሊቅ ሮበርት መርተን ይህን ሁኔታ በመዋሐድ ምክንያት የሚመጣ መሰወር በማለት ገልጸውታል። በመላው ዓለም በየክፍሉ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳ መምህር ፖሊንግን ቢያነሣም በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ ላይ አይቆጠርም። ተማሪውም አይቆጠርም። አንድ ሐሳብ እጅግ ሰፊ አገልግሎት የሚሰጥበት ሥፍራ፣ ማለትም ትምህርት ቤት፣ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የብዙዎች መጠቀስ የዘዴውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። «ቢ3ኤልዋይፒ» በሞለኪውሎች መካከል ያለውን ደካማ መሳሳብ በሚገባ እንደማይገልጽና አጸግብሮት ለመጀመር የሚያስፈልገውን ጉልበት አሳንሶ እንደሚገምት በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህም እየታወቀ ብዙ ተጠቃሚዎች ሌሎች ስለተጠቀሙበት ብቻ ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ከብዙ ሺህ ጥቅሶች ውስጥ ከፊሉ የአድናቆት፣ ከፊሉ የልማድ መሆኑን ቁጥሩ ለይቶ አያሳይም።

ይህ ሲባል ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከ46 ሺህ በላይ ጽሑፎች በአንድ ሥራ መገልገላቸው እውነተኛ ነገር ነው። የንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የመላው ኬሚስቶች መሣሪያ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። ስሕተቱ የሚመጣው አገልግሎትን የሚለካ ቁጥር የጥልቀትና የተስፋ መለኪያ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ዕቅድ አውጪ በ1975 የፓርን ሥራ በቁጥር ብቻ ለመመዘን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሚያገኘው ከሃያ ዓመት በፊት በሠሩት ዘዴ የታወቁ፣ አሁን ግን አብዛኛው ባልደረባቸው ወደሚጠራጠረው መስክ የዞሩ የሃምሳ ሦስት ዓመት መምህር ነበር። ቁጥሩ ወደ ቀድሞ መስመርዎ ይመለሱ ባላቸው ነበር። ቁጥር ያለፈውን ይቆጥራልና። በ1978፣ በ1983፣ በ1984 እና በ1988 የተገኙት ፍሬዎች ሁሉ የበቀሉት ግን ከዚያ ውሳኔ ነው። አዝመራ ሳይደርስ እርሻውን የሚመዝን ሰው ያየው ዘር የወሰደውን እንጂ የሚሰጠውን አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርትና ለምርምር ዕቅድ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የተጠቃሽነት ቁጥር የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም፤ ቁጥሩን ያየ ሁሉ ማን ጠቀሰው፣ ለምን ጠቀሰው ብሎ መጠየቅና ጽሑፉን ራሱን ማንበብ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የአንድ መስክ ቁጥር ከሌላ መስክ፣ የመሣሪያ ሥራ ከመሠረተ ሐሳብ ሥራ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ ይህ ካልተጠበቀ የንድፈ ሐሳብና የመሠረታዊ ሳይንስ ክፍሎች ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ የፓር ዋና ዋና ሥራዎች ከወጣት ደቀ መዛሙርትና ከተባባሪዎች ጋር የተሠሩ ናቸው፤ ወጣቶችን የማሠልጠኑ ተግባር በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ ላይ ባይመዘገብም፣ ከተመዘገበው ሁሉ በፊት የነበረው እርሱ ነው።

መምህራንም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ድርሻ አላቸው። ሮበርት ፓር በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው የጠየቁት ጥያቄ በአሥረኛ ክፍል ተማሪ አንደበት የሚነሣ ነው፦ አንዱ አቶም ኤሌክትሮንን ከሌላው አብልጦ የሚስበው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሰንጠረዡን አስጠንቶ ማለፍ ይቻላል፤ ሰንጠረዡ ከየት እንደመጣ፣ እነማን ምን ያህል ዘመን እንደደከሙበትና ገና ያልተመለሰው ምን እንደሆነ ማስረዳትም ይቻላል። በሁለተኛው መንገድ የሚያስተምር መምህር ስሙ በመዝገብ ባይሰፍርም፣ ነገ በመዝገብ የሚሰፍረውን ሥራ ዛሬ ጀምሮታል።